የወደድነው ሁሉ የራሳችን ነውን?

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድሞ ከዓመት ዓመት አድርሶ ለዚህ ጉባኤ ላበቃን አምላክ ምስጋና ይግባው። በዚህ ዓመት የተለዩንንም አባሎቻችንን ነፍስ ይማር።

ኮሚቴው «አንድ ነገር ተናገርና በኋላ ለመጽሔታችን ጻፈው» ብሎ ሲያዘኝ በጣም ፈራሁ። የተማርሁት እስከ 6ኛ ክፍል ነው፤ ዕድሜዬንም የጨረስሁት በመዝገብ ቤት ፋይል ሳወጣና ስመልስ ነው። ስለዚህ ከመጽሐፍ ሳይሆን ካየሁት እናገራለሁ። ጉዳዩም ሰው የሚወደው ነገር ምርጫውን እንዴት እንደሚመራው ነው።

እንደሚታወቀው ሁሉ ሰው የሚመርጠው የወደደውን ነው። ይህን ለማወቅ እህል ተራ ሄዶ መቆም ይበቃል። ድሮ ማኛ ጤፍ የጌታ፣ ቀይ ጤፍ የድሀ ይባል ነበር። እንግዳ ሲመጣ ቀይ እንጀራ ማቅረብ ያሳፍር ነበርና ለእንግዳ ነጩ፣ ለቤተሰብ ሰርገኛው ይጋገር ነበር። ዛሬ ደግሞ ቀይ ጤፍ ብረት አለው፣ ለጤና ይስማማል ተባለና ያው ሲሸሸው የነበረው ሰው ፈልጎ ይገዛዋል። እንግዲህ ጤፉ ያው ጤፍ ነው፤ የተለወጠው ወሬውና የኛ ዓይን ነው። እኛ ግን ያኔም «እኔ የምወደው ነጩን ነው»፣ ዛሬም «እኔ የምወደው ቀዩን ነው» እንላለን፤ ማን እንዳስወደደን አንጠይቅም።

በእንጀራ ቢሳሳቱ ጉዳቱ ትንሽ ነው። በሥራና በኑሮ ሲሆን ግን ነገሩ ይከብዳል። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ ሸክላ የምትሠራዋ ሁሉ ሲናቁ ኖረዋል። ማረሻውን፣ ጋቢውን፣ ድስቱን እንወዳለን፤ የሠራውን ሰው ግን አንወድም፤ ልጃችንንም አንድርለትም ነበር። ለቅሶ ስንሄድ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገን የምንለብሰው ነጠላ እኮ እዚሁ ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ የተቀመጠ ሸማኔ የሠራው ነው!

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ከልክለዋል። አዋጁ ብረት ሠሪው ጠይብ፣ ሸማኔው ቁጢት በጣሽ እየተባለ መሰደቡን አንሥቶ ይገሥጻል። የሚገርመው ከተሰዳቢዎቹ መካከል ጸሐፊም መኖሩ ነው፤ የሚጽፍ ሰው ጠንቋይ ይባል ነበርና። ይህን የሰማሁ ዕለት ብቻዬን ሳቅሁ። ምክንያቱም እኔ በ1970 ዓ.ም. ግድም ሥራ ስይዝ ብዕር ይዞ መቀመጥ የሰው ሁሉ ምኞት ነበር። በሰባ ዓመት ውስጥ የጠንቋዩ ሥራ የጌታ ሥራ ሆነ፤ ጠይብ የተባለው ግን ስሙ ቶሎ አልለቀቀውም። አዋጅ ስድብን ይከለክላል፤ መውደድና መጥላትን ግን አዋጅ አያዝበትም።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልምጣ። ስማችንን ያገኘነው ከትምህርት ቤቱ እንደ ሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ትምህርት ቤቱ በ1938 ዓ.ም. ሲከፈት፣ በ1933 ዓ.ም. ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር በጎጃም በኩል ገብቶ ጣሊያንን በወጋው በእንግሊዛዊው መኮንን በኦርድ ዊንጌት ስም ተሰየመ። ሰውየው በ1936 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ሞቶ ስለ ነበር ትምህርት ቤቱን አላየውም። ከዚያ ግቢ ብዙ ሹማምንትና ምሁራን ወጥተዋል። እኔም በልጅነቴ በአጥሩ ሥር ሳልፍ ደብተር ይዘው የሚወጡትን ተማሪዎች እያየሁ እቀና ነበር። እዚያ ሳልገባ ቀረሁ፤ ቅናቱ ግን ከኔ ጋር አብሮ አደገ። ዛሬ በግቢው ያለው የእጅ ሙያ የሚሰጥበት ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ነው።

ልጄ 10ኛ ክፍል ሲጨርስ «አባዬ፣ እዚሁ ዊንጌት ገብቼ ብየዳ ልማር» አለኝ። «ፋይል ተሸክሜ ያሳደግሁህ ብረት እንድትቀጠቅጥ ነው እንዴ?» ብዬ ጮህሁበት። እናቱ «ተወው እንጂ፣ የወደደውን ይማር» ብትለኝም አልሰማኋትም። ተበድሬ አንድ የግል ኮሌጅ አስገባሁትና ሒሳብ አያያዝ ተማረ። የምረቃው ፎቶግራፍ ይኸው ሳሎናችን ተሰቅሏል። ከዚያ በኋላ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ የሥራ ማስታወቂያ ሲያነብ ከርሞ፣ በመጨረሻ በአንድ መደብር ገንዘብ ተቀባይ ሆነ።

እውነቱን ለመናገር የኔም መውደድ ከሜዳ አልተነሣም። በኔ ጊዜ የቢሮ ሥራ በወሩ ደመወዝ፣ በእርጅና ጡረታ ነበረው፤ ዛሬም የምበላው ያንኑ ጡረታ ነው። ብየዳ የተማረም ሁሉ አልበለጸገም። ስለዚህ ጥፋቴ ቢሮን መውደዴ አይደለም። ጥፋቴ የኔን መውደድ የልጄ አድርጌ መቁጠሬ ነው።

ያለፈውን ክረምት ታስታውሳላችሁ፤ ለቅሶ ላይ ሳለን ንፋስና ዝናብ ድንኳናችንን ጥሎት ሁለት ቋሚ ብረት ተሰበረብን። ተጠርቶ የመጣው በያጅ የልጄ የክፍል ጓደኛ ነበር፤ እሱ ዊንጌት ገብቶ ተምሯል። ልጄ ብረቱን ያዘለት። እኔ ጃንጥላ ዘርግቼላቸው ቆሜ «እዚህ ጋ ይሰነጠቃል፣ አንድ ጊዜ ድገመው» እያለ ሲያሳየው ሰማሁ። ከየት ተማረው? እኔ አላውቅም። ማታ ቤት ስንገባ «ያኔ ብተውህ ይሻል ነበር» አልሁት። «ሒሳቡን እኮ አልጠላሁትም አባዬ» አለኝ፤ «ብቻ ብየዳ እወዳለሁ ስልህ ለምን እንደምወደው አልጠየቅኸኝም።» የምመልስለት አጣሁ።

ይህን የቤቴን ገመና አደባባይ ያወጣሁት ዕድራችንም አንዳንድ ጊዜ እንደኔ ስለሚያደርግ ነው። እኛ በለቅሶ ሰፊ ድንኳንና የተትረፈረፈ ምግብ እንወዳለን፤ «ለቅሶው ደመቀ» ሲባል ደስ ይለናል። በዚህ ዓመት ባሏ የሞተባት አንዲት እህታችን ግን በሦስተኛው ቀን የዕድሩን ዕቃ ስቆጥር ቀስ ብላ ጠጋ አለችና «ለምግቡ የሚወጣው ገንዘብ ለልጆቹ መመዝገቢያ ቢሆንልኝ ምንኛ በወደድሁ፤ ግን እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ባለ ሐዘን እንዲህ ብሎ ቢጠይቅ እኛው እናማው ነበር። መጠየቅ ያለብንስ እኛ ነበርን።

ስለዚህ ለጉባኤው አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ይኸውም ሐዘን በደረሰ ቁጥር ከኮሚቴው ሁለት ሰዎች ባለ ሐዘኑን ለብቻው አግኝተው፣ በደንባችን ለምግብ የተመደበው በዓይነት ይሁን ወይስ በጥሬ ገንዘብ ብለው ይጠይቁት፤ መልሱም በነሱና በገንዘብ ያዡ ዘንድ በምስጢር ይያዝ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ አብሮ ማደሩ እንዳለ ይቀጥላል። «ለቅሶው ይቀዘቅዛል» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ንፍሮውንና ቡናውን እንደ አባቶቻችን ከየቤታችን ይዘን ብንመጣ አይቀዘቅዝም።

ወገኖቼ፣ ለራሳችን ስንመርጥ የወደድነውን እንምረጥ፤ ነጩንም ቀዩንም እንብላ። ለልጅም ሆነ ለባለ ሐዘን፣ ለሌላ ሰው ስንመርጥ ግን አስቀድመን እሱን እንጠይቀው። እኔ ሳልጠይቅ የመረጥሁት አንድ ምርጫ ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ውሳኔው የጉባኤው ነው።