የብላቴናው ስንቅ፦ ልጆችን በመስጠትና በማገልገል ምስጋናን ማስተማር

በደብሩ የምሥረታ በዓል ላይ ለምእመናን የቀረበ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የደብር የምሥረታ በዓል ወደ ኋላ ተመልክቶ እግዚአብሔርን ለማመስገን የተለየ ቀን ነው። በአሜሪካ የሚገኙ ብዙ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት አገልግሎታቸውን የጀመሩት ከሌሎች በተከራዩት አዳራሽ ነው። ሌሊቱን በሥራ አድረው ለቅዳሴ የሚደርሱ እናቶች፣ ታክሲ ነድተው ካገኙት ከፍለው የሰጡ አባቶች፣ ከበሮውንና ምንጣፉን በመኪናቸው ጭነው የሚመላለሱ ወጣቶች ቤቱን አቆሙት። ልጆቻቸው ግን ያገኙት የተሠራውን ቤት ነው። ምንጣፉ ተነጥፎ፣ መብራቱ በርቶ ይጠብቃቸዋል። ያልደከሙበትን ነገር እንደ ተራ ነገር ቢያዩት ጥፋቱ የእነርሱ አይደለም። ስለዚህ የዚህ በዓል ከባዱ ጥያቄ፣ የወላጆች ምስጋና ወደ ልጆች እንዴት ይተላለፋል የሚለው ነው።

ቃሉን ማስለመድ አያስቸግርም። «እግዚአብሔር ይመስገን በል» የተባለ ሕፃን ወዲያው ይላል። ምግቡን የተወ ልጅም «ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን ያጡ ልጆች አሉ» እየተባለ ይገሠጻል። ነገር ግን ይህ ተግሣጽ ሲደጋገም ልጁን ወይ ያሸማቅቀዋል ወይ ያሰለቸዋል፤ የወላጆቹንም አገር በረኀብ ብቻ እንዲያውቃት ያደርገዋል። ከሌላው ሰው ማጣት የሚወለደው እፎይታ ነው፤ እፎይታ ደግሞ ምስጋና አይደለም።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 እንደ ተጻፈው ጌታችን አሥር ለምጻሞችን ፈወሰ። አሥሩም ነጽተዋል፤ አሥሩም ተደስተው እንደ ሄዱ አያጠራጥርም። ሊያመሰግን የተመለሰው ግን አንዱ፣ እርሱም ሳምራዊው ነበር። ደስታ በተቀበሉበት ቦታ ይቀራል፤ ምስጋና ግን ተነሥቶ ወደ ሰጪው ይሄዳል። ልጆች ሊለምዱት የሚገባው ይህን መመለስ ነው።

መመለስን የሚማሩበት መንገድ ደግሞ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ይገኛል። አምስት የገብስ እንጀራና ሁለት ዓሣ የነበረው ሰው ባለጸጋ ሳይሆን አንድ ብላቴና ነበር። ጌታችን ያን ስንቅ ንቆ አልተወውም። በእጁ ይዞ አመሰገነ፤ ሕዝቡም በሉ፤ ወንዶቹ ብቻ 5 ሺህ ያህል ነበሩ፤ ከተረፈውም 12 መሶብ ተሞላ። ብላቴናው በዚያ ቀን የእርሱ የሆነው ጥቂት ነገር ከእጁ ሲወጣ፣ ሲባረክና ለብዙዎች ሲደርስ አየ። ምስጋና ምን እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ትምህርት አይገኝም።

ቤተ ክርስቲያንም መስጠትንና ማመስገንን አትለያይም። በግእዝ አኰቴት ማለት ምስጋና ነው፤ መሥዋዕቱ የሚቀርብበት ጸሎትም አኰቴተ ቁርባን ይባላል። ኅብስቱና ወይኑ ከምእመናን እጅ ይወጣል፤ በምስጋና ይቀርባል፤ ለምእመናን ሕይወት ሆኖ ይመለሳል።

የአገር ቤቱ ልማድ ይህንኑ በቤት ውስጥ ያስተምር ነበር። እንግዳ ሲመጣ የቤቱ ትንሽ ልጅ እጅ ያስታጥባል፤ እንግዳውም «እደግ፣ ተመንደግ» ብሎ ይመርቀዋል። ነዳይ ምጽዋት ሲቀበል ይመርቃል፤ ሰጪው ራሱን ዝቅ አድርጎ «አሜን» ይላል። በዚያች ቅጽበት ሰጪው ተቀባይ ይሆናል፤ ነዳዩም ሰጪ። ይህን ያየ ልጅ ድኻን ከመናቅ ይድናል፤ ከድኻውም የሚቀበለው ነገር እንዳለ ያውቃልና።

በስደት አገር ግን መስጠት ከልጆች ዓይን ተሰውሯል። ለአያት የሚላከው ገንዘብ በስልክ ይላካል፤ የእድሩና የጽዋ ማኅበሩ መዋጮ በባንክ ይተላለፋል። በሰንበት ልጁ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ የሚከተው እናቱ በዚያች ደቂቃ በእጁ ያኖረችለትን ዶላር ነው። ያ ገንዘብ የእርሱ አይደለም፤ ስለዚህ ሲወጣም አይታወቀውም። ለአያት የሚላከው ሲላክ ልጁ አጠገብ ቆሞ ቢያይ፣ የአያቱንም ምርቃት በጆሮው ቢሰማ፣ ከራሱም የኪስ ገንዘብ ጥቂት ቢጨምር፣ ያው ገንዘብ ትምህርት ይሆንለታል።

የአሜሪካ ትምህርት ቤቶችም አገልግሎትን ይጠይቃሉ። በዋሽንግተን ዲሲ ከሁለተኛ ደረጃ ለመመረቅ 100 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ያስፈልጋል። በሜሪላንድ 75 ሰዓት ወይም በየአካባቢው የተዘጋጀ ተመጣጣኝ መርሐ ግብር ይጠበቃል። ይህ መልካም ሥርዓት ነው። ቅጹ ግን ስንት ሰዓት እንደ ተሠራ እንጂ ለምን እንደ ተሠራ አይጠይቅም። «አስቀድሞ ለአንተ ያገለገለህ ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ የሚጠይቁት ወላጆችና የሰንበት ትምህርት ቤት ናቸው። ይህ ጥያቄ ካልተጠየቀ ልጁ ሰዓቱን ሞልቶ ይመረቃል፤ አገልግሎቱም በፊርማው ያበቃል።

ደግሞም የአሜሪካ የምስጋና ቀን በኅዳር ወር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ይውላል። ብዙውን ጊዜም ኅዳር 15 ከሚገባው ጾመ ነቢያት ጋር ይገናኛል። ልጆች በትምህርት ቤት ስለ ተርኪው ሰምተው ይመጣሉ፤ በቤት ያለው ደግሞ ሽሮ ነው። ይህን ቀን በ«አይበላም» ብቻ ማሳለፍ የሚያሳዝን ነው። በጾም ከማዕድ የሚቀነሰው ለተራበ እንዲሆን አባቶች ያስተምራሉ። ቤተሰቡ በዚያ ቀን ወደ ምግብ ማከፋፈያ ወይም ወደ ቤት አልባዎች መጠለያ ሄዶ ቢያገለግል፣ ልጁ የአገሩን በዓልና የቤተ ክርስቲያኑን ጾም በአንድ ማዕድ ላይ ያገኛቸዋል።

ሩቅ መሄድም ሁልጊዜ አያስፈልግም። ከቅዳሴ በኋላ ትንንሾቹ ልጆች አረጋውያንን እጅ ማስታጠብና ጠበል ጸዲቁን ማደል ይችላሉ። ከፍ ያሉት አዲስ ለመጡ ቤተሰቦች ቅጽ ይሞላሉ፤ ለእናቶች የመጣውን ደብዳቤ ያነባሉ፤ በመጦሪያ ያሉትን አረጋውያን ከወላጆቻቸው ጋር ይጠይቃሉ። እንዲያውም ብዙዎቹ ከሕፃንነታቸው ጀምረው በሐኪም ቤትና በባንክ ለወላጆቻቸው ሲያስተረጉሙ ኖረዋል። ይህ ትልቅ አገልግሎት ነው፤ ግን እንደ ግዴታ ስለሚቆጠር ብዙ ጊዜ «ተባረክ» የሚል ቃል አይከተለውም። ያልተመሰገነ ልጅ ማመስገንን ከማን ይማራል? ወላጅ ለልጁ የሚሰጠው ምርቃት የትምህርቱ ግማሽ ነው።

ሁለት ነገሮች ግን ጥንቃቄ ይሻሉ። አንደኛው ፎቶግራፍ ነው። ጌታችን ምጽዋት በስውር እንዲሆን አስተምሯል፤ የተቀባዩ ፊት ለማሳያ ሲውል ክብሩ ይነካል፣ የልጁም ልብ ወደ ከንቱ ውዳሴ ያዘነብላል። ሁለተኛው ትርፍራፊ መስጠት ነው። ልጁ የተሰበረውን መጫወቻ ብቻ እንዲሰጥ ከተነገረው ድኻ የተሰበረ ይበቃዋል ማለትን ይማራል። የሚወደውን አንድ ነገር ራሱ መርጦ ቢሰጥ፣ ለመስጠት እያመነታ እንኳ ቢሆን፣ የመስጠትን ዋጋ ያውቃል።

የዚህ ደብር ልጆች የወላጆቻቸውን ድካም በዓይናቸው ሊያዩ አይችሉም፤ ጊዜው አልፏል። ከበሮ የሚሸከሙበት፣ ምንጣፍ የሚያነጥፉበት፣ ማዕድ የሚያድሉበት ሥራ ከተሰጣቸው ግን ድካሙን በእጃቸው ያውቁታል። አንድ ቀን ሕንፃው ከሠሩት ሰዎች ይልቅ ረጅም ዕድሜ ይኖረዋል። በዚያን ጊዜ በሩን የሚከፍቱት ዛሬ ስንቃቸውን ይዘው እንዲቀርቡ የተፈቀደላቸው ብላቴኖች ናቸው።

የብላቴናውን ስንቅ የባረከ አምላክ የልጆቻችሁን እጅ ይባርክ፤ ለከርሞውም በዓል በሰላም ያድርሳችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።