ባዶ አዳራሽ ምን ይሸከማል?
ስለ ፓዌና ስለ ነባር የኢንዱስትሪ ሕንፃዎች ዳግም አገልግሎት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




አንድ መሐንዲስ ሥራ ፈትቶ የቆመ ፋብሪካ ወይም መጋዘን እንዲመለከት ሲጠራ፣ ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርብለት ጥያቄ «ለማፍረስ ስንት ይፈጃል?» የሚል ነው። ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ከዚህ በፊት ሊመጣ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ ብዬ ስለማምን ነው፤ ይኸውም «ይህ ቤት ገና ምን ሊሸከም ይችላል?» የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ከፓዌ የተሻለ መማሪያ አላውቅም።

ፓዌ በመተከል ዞን፣ በበለስ ሸለቆ የምትገኝ ሞቃትና ዝናብ የሚበዛባት ወረዳ ናት። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ከወሎ፣ ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከሌሎችም አካባቢዎች ወደ 80 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ የጉሙዝ ሕዝብ ይኖርበት በነበረው በዚህ ምድር እንዲሰፍር ተደረገ። ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ በኢጣሊያ መንግሥት እርዳታ፣ ሳሊኒ በተባለው ተቋራጭ አማካይነት፣ የጣና በለስ ፕሮጀክት ሥራውን ጀመረ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ መንገድ፣ ድልድይ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ፣ ሆስፒታል፣ የእርሻ ምርምር ጣቢያ፣ ጋራዥ፣ መጋዘንና የእርሻ ውጤት ማቀነባበሪያ በጫካው መካከል ቆሙ። መንደሮቹም ስም ከማግኘታቸው በፊት ቁጥር ተሰጣቸው፤ ሕዝቡ እስከ ዛሬ መንደሩን በቁጥሩ ሲጠራ ይሰማል።

በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ ፕሮጀክቱ ተቋረጠ። ባለሙያዎቹ ሄዱ፤ ብዙው መሣሪያ ተነቅሎ ተወሰደ ወይም ተበላሸ። ሆኖም በአንድ ዘመን፣ በአንድ ተቋራጭ፣ በአንድ ዓይነት ቁሳቁስ የተሠሩት ሕንፃዎች ዕጣ አንድ አልሆነም። ሆስፒታሉ በሽተኛ መቀበሉን ቀጠለ። የምርምር ጣቢያውም ዛሬ በኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ዘር እየመረጠ ይገኛል። ማሽኑ ሲነሣ ሥራው ያከተመለት አዳራሽ ግን ለዝናብና ለምስጥ ተተወ።

ከዚህ የምንረዳው ቁም ነገር ቀላል ነው። ሕንፃን የሚገድለው ዕድሜው ብቻ አይደለም፤ ባለቤት ማጣቱና ሥራ መፍታቱ ነው። ሰው የሚሠራበት ቤት ጣሪያው ሲያፈስ ያን ዕለት ይታወቃል፤ ባዶው ግን አሽንዳው ከተዘጋ ከዓመታት በኋላ ግድግዳው ሲሰነጠቅ ብቻ ይታወሳል።

«ያረጀውን አፍርሶ አዲስ መሥራት ይሻላል» የሚል መልስ እንደሚኖር አውቃለሁ። እስቲ በቁጥር እንየው። አንድ መካከለኛ አዳራሽ ለመሠረቱ፣ ለወለሉና ለምሰሶዎቹ 200 ሜትር ኩብ አርማታ ፈጅቷል እንበል። በሜትር ኩብ 350 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ ብናስብ 70 ቶን፣ ማለት 700 ኩንታል ይሆናል። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይን በታላቅ ሙቀት በማቃጠል ስለሆነ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከነዳጁም ከድንጋዩም ይወጣል። በዚህም ምክንያት የሲሚንቶ ኢንዱስትሪ የሰው ልጅ ወደ አየር ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነውን ድርሻ ይይዛል። ለአንድ ቶን ሲሚንቶ ግማሽ ቶን ብቻ ብናስብ እንኳ፣ ያ አዳራሽ በፈረሰና በተተካ ቁጥር 35 ቶን ወደ አየር ይለቀቃል። የፌሮው፣ የቆርቆሮውና የጭነቱ ገና አልተቆጠረም። ከአዲስ አበባ ፓዌ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ እያንዳንዱ ኩንታል ያን መንገድ በናፍጣ ይጓዛል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2011 ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ አውጥታለች። ታዳጊ ከተሞቻችን ለዚህ ዓላማ ሊያበረክቱ ከሚችሉት አስተዋጽኦ አንዱ፣ የተከፈለበትን አርማታ ሁለተኛ አለመክፈል ነው።

ስለ ሌላው ስናገር ራሴን መደበቅ አልፈልግም። ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ስሙን በማልጠቅሰው ከተማ አንድ አሮጌ መጋዘን እንድመረምር ታዝዤ ነበር። ልስኑ ረግፎ፣ በሁለት ምሰሶዎች ላይ ፌሮው ዝጎ ታየኝ። በግማሽ ቀን ጉብኝት «ይፍረስ» ብዬ ፈረምሁ። መጋዘኑ ሲፈርስ ሠራተኞቹ የቀሩትን ምሰሶዎች በመዶሻ ሲደበድቡ ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። ዝገቱ የመጣው ከአንዲት የተቀደደች አሽንዳ ነበር። በቦታው ሊሠራ የታሰበው አዲስ ሕንፃ በበጀት እጥረት ከመሠረቱ አላለፈም፤ ከተማውም መጋዘን አልባ ሆኖ ቀረ። ያን ፊርማ እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ።

እንግዲህ ምርመራው እንዴት ይሁን? በመጀመሪያ ውኃውን መከተል ይገባል፤ ከጣሪያ እስከ መሠረት ከየት ገብቶ የት እንደሚቆም መታወቅ አለበት። ሁለተኛ፣ የአርማታው ጥንካሬ በመዶሻ መለኪያና፣ አስፈላጊ ሲሆን፣ ተቦርቡሮ በሚወጣ ናሙና ይፈተናል። ሦስተኛ፣ አዲስ በተሰበረ ገጽ ላይ ፌኖልፍታሊን ይረጫል፤ ወደ ሐምራዊ ከተለወጠ አርማታው ፌሮውን ከዝገት የመጠበቅ ኃይሉ ገና አለው፤ ካልተለወጠ ካርቦን ዘልቆታል። አራተኛ፣ የብረት ማያያዣዎችና ብሎኖች አንድ በአንድ ይታያሉ። አምስተኛ፣ ጣሪያው አስቤስቶስ መሆን አለመሆኑ ሳይረጋገጥ ማንም እንዳይነካው፤ ብናኙ ሳንባን ይጎዳል፤ ሲነሣም በጥንቃቄ ረጥቦና ሳይሰበር መሆን አለበት። በመጨረሻም አዲሱ አገልግሎት የሚያመጣው ጭነት ከቀድሞው ጋር ይነጻጸራል። ከባድ ማሽን የተሸከመ ወለል ለመማሪያ ክፍል ወይም ለእህል ማከማቻ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ማለት ሁልጊዜ ማለት አይደለም። የሕንፃ ሕጉ የሚጠይቀው ፈቃድም የአገልግሎት ለውጥ ነው ተብሎ የሚዘለል አይደለም።

የፓዌ ሙቀት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከፍ ያለ የፋብሪካ ጣሪያ የሞቀውን አየር በላይ በኩል ለማስወጣት የተመቸ ነው። ከቆርቆሮው በታች ለሚሆነው ኮርኒስ ክልሉ የታወቀበት የቆላ ቀርከሃ አለ፤ በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውኃ ተነክሮ ከነቀዝ ከተጠበቀ፣ ከሩቅ የሚመጣውን ጣውላ ይተካል።

ሐሳቡ ለዓለምም ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በብራዚል፣ በሳን ፓውሎ፣ ሊና ቦ ባርዲ የተባለችው አርክቴክት አንድ የበርሜል ፋብሪካ ሳታፈርስ የሕዝብ መዝናኛና መማሪያ አድርጋ እ.ኤ.አ. በ1982 አስረከበች። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1929 የተሠራው የለገሃር ጣቢያ፣ በድሬዳዋም የምድር ባቡሩ ወርክሾፕ፣ ከነታሪካቸው የቆዩ ሀብቶች ናቸው።

ያም ሆኖ ሁሉም ይጠበቅ አልልም። መሠረቱ የሰመጠ፣ አርማታው ከውስጥ የተበላ ሕንፃ ይፍረስ፤ ድንጋዩና ብረቱ ግን ተለይቶ ለሌላ ሥራ ይዋል። ከዚህም በላይ የምህንድስና መለኪያ የማይመልሰው ጥያቄ አለ። የፓዌ አዳራሾች የተሠሩት የጉሙዝ ሕዝብ ሳይጠየቅ በተወሰደ መሬት ላይ፣ ብዙው ወዶ ላልመጣ ሠፋሪ ነው። ያ ፕሮጀክት በጎደለው ነገር ሁለተኛ ጊዜ እንዳንወድቅ፣ አዳራሹ ምን ይሁን የሚለውን ነባሩም ሠፋሪውም አብረው ተቀምጠው ይወስኑ። የእኛ ድርሻ ቤቱ ምን ሊሸከም እንደሚችል በእውነት መንገር ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛው፣ በየክልሉ ያለን አባላት በያለንበት ወረዳ ሥራ የፈቱ የኢንዱስትሪ ሕንፃዎችን ሁኔታ በአንድ ዓይነት ቅጽ እንድንመዘግብ ነው። ሁለተኛው፣ ማናችንም ጣሪያው ላይ ሳንወጣና መሠረቱን ሳንቆፍር «ይፍረስ» በሚል ወረቀት ላይ ላንፈርም ቃል እንድንገባ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ፈርሜአለሁ፤ ከእኔ በኋላ የሚመጡት ወጣቶች ግን ከዚያ ስሕተት ቢድኑ ደስታዬ ነው።