ስለ ህንዱ የሆድ ዱቄት

(ባለፈው እሑድ በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረገው ንግግር ነው። በለቅሶና በሥራ ምክንያት ያልተገኙ አባላት እንዲያነቡት በዚህ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።)



ሊቀ መንበራችን ስለ ቦዩ ጥገናና ስለ መዋጮው በሰፊው ስለ ተናገሩ ለእኔ የቀረልኝ ጊዜ አጭር ነው። በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ላይ ያበቃ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ግማሹ ጠይቄና አንብቤ ያገኘሁት፣ ግማሹ ደግሞ በገዛ ቤቴ የደረሰብኝ ነው።

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በየቤቱ እየዞረ በላስቲክ የተቋጠረ ዱቄት «የህንድ የሆድ መድኃኒት» እያለ የሚሸጥ ሰው አለ። ምግብ ይከፍታል፣ የተነፋ ሆድ ያሽላል፣ ጨጓራ ይነቅላል፣ ደም ያጠራል ይላል። አንዷ ቋጠሮ ከወር መዋጯችን የሚበልጥ ዋጋ አላት። ብዙ ሰው ገዝቷል። የዚህ ዱቄት ወሬ በሠፈራችን የተጀመረው ግን በሻጩ አይደለም፣ በእኔ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከእኔው አፍ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ተነሣሁ።

በመጀመሪያ ዱቄቱ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ህንዶች አዩርቬዳ የሚሉት ከጥንት ጀምሮ የመጣ የባህል ሕክምና አላቸው። በዚያ ሕክምና ከሚታወቁት አንዱ «ሂንግዋሽታክ ቹርና» ይባላል። ሂንግ የአንደኛው ቅመም ስም ነው፣ አሽታ ማለት ስምንት ነው፣ ቹርና ማለት ደግሞ ዱቄት ነው። እንግዲህ ሂንግ ያለበት የስምንት ነገር ዱቄት ማለት ነው። እነሱ በሆድ ውስጥ ምግብ የሚያበስል እሳት አለ፣ እሳቱ ሲደክም ሰው ይነፋል፣ መብላትም ያስጠላዋል ይላሉ። ዱቄቱም ያንን እሳት ለማቀጣጠል ነው።

ስምንቱን ብቆጥርላችሁ እናቶች ትስቃላችሁ። ደረቅ ዝንጅብል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ጥምዝ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ከሙን፣ ጥቁር ከሙን፣ የድንጋይ ጨው፣ ሂንግ። ጥቁር ከሙን የሚሉት ከእኛ ጥቁር አዝሙድ የተለየ ነው። የድንጋይ ጨዉ እንደ አሞሌ ከምድር ተቆፍሮ የሚወጣ ነው። ከሁሉ ለእኛ እንግዳ የሆነው ሂንጉ ነው። የአንድ ተክል ሥር ሲቆረጥ የሚወጣ ሙጫ ሲሆን፣ ጥሬው ኃይለኛ ሽታ አለው፣ በቅቤ ጠበስ ሲደረግ ግን እንደ ሽንኩርት ይጣፍጣል። ህንዶች ራሳቸው ለብዙ ዘመን ከአፍጋኒስታንና ከኢራን ሲያስመጡት ኖረው፣ በአገራቸው ተራራማ ሥፍራ በሂማቻል ፕራዴሽ ለሙከራ መትከል የጀመሩት ገና በ2020 እ.ኤ.አ. ነው። የቀረው ግን አብዛኛው ቅመም ተራ የሚገኝ፣ ለሚጥሚጣና ለቅቤ ማንጠሪያ የምንገዛው ነው።

ወደ ቤቴ የገባው እንዲህ ነው። አንድ ጎረቤታችን አባቱን ለማሳከም ህንድ አገር ሄዶ ነበር። ያረፉበት ቤት ባለቤት ከምሳ በፊት ትንሽ ሩዝ በቅቤ አሽተው፣ ዱቄቱን ቆንጠር አድርገው ነስንሰው፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ በዚያ ይበሉ ነበር። ሲመለስ አንድ ቆርቆሮ ይዞልኝ መጣ። ሞከርሁት። በዓል ውዬ ሆዴ ሲነፋኝ ያሻለኝ መሰለኝ፤ ያገሳኛል፣ ቀለል ይለኛል። ይህ ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም። ዝንጅብል ምግብ ከጨጓራ ቶሎ እንዲወርድ እንደሚያግዝ በሐኪሞች ተፈትኖ የታየ ነው። ስለዚህ ዱቄቱን ከንቱ ነው አልላችሁም።

ጥፋቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ያሳደገችኝን ታላቅ እኅቴን እትዬን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ ይኸው ከፊት ተቀምጣለች፤ ተናገር ብላ የፈቀደችልኝም እሷ ናት። ባለፈው ዓመት ምግብ አልበላ አላት። እንጀራውን ትቆርሳለች፣ ትመልሰዋለች። ቀሚሷ ሰፋት። እኔም እንደ አዋቂ ዱቄቱን ሰጠኋት። ለጥቂት ቀን «ትንሽ ከፈተልኝ» አለች። እኔ ደስ ብሎኝ ለየጎረቤቱ አወራሁ። የቆርቆሮው ሲያልቅ ከዚያው ከሚዞረው ሰው ገዛሁላት። እንዲህ እያልን ከሁለት ወር በላይ አለፈ። ሌሊት እንደሚያልባትና እንደሚያስላት ግን አልነገረችኝም፤ የሠፈር ሰው ይሸሸኛል ብላ ፈርታ ነበር። እኔም አልጠየቅኋት። ስለ ዱቄቱ ብቻ ነበር የምጠይቃት።

በመጨረሻ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለምዝገባ ስትመጣ እትዬ አሳላት። ልጅቱ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «ከጀመረሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?» አለቻት። ያንኑ ቀን ጤና ጣቢያ ላከቻት። አክታዋ ተመረመረ። የሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለ።

ወገኖቼ፣ ያን ቀን የተሰማኝን ልነግራችሁ አልችልም። በቤቴ ሁለት ልጆች አሉ። እነሱም ተመረመሩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ነፃ ሆኑ። እትዬም ስድስት ወር ሙሉ መድኃኒቷን አንድ ቀን ሳታስታጉል ውጣ ዳነች። ለመድኃኒቱ አንድ ሳንቲም አልከፈልንም፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በነፃ ነው የሚሰጠው። ገንዘብ ያወጣሁት ለዱቄቱ ነው።

ሌላም ነገር እዚያው ተማርሁ። ነርሷ ሌላ የምትወስጅው ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀቻትና ዱቄቱን ስትነግራት «ይህን ተይው» አለቻት። ምክንያቱ እንዲህ ነው። በቁንዶ በርበሬና በጥምዝ ውስጥ ፒፐሪን የሚባል ነገር አለ። የሚያቃጥለንም እሱ ነው። ይህ ነገር አንዳንድ መድኃኒት ወደ ደም የሚገባበትን መጠን ከፍ ያደርጋል። ህንዶች ይህን ዐውቀው ከሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቶች ጋር በልክ ቀላቅለው የሠሩት እንክብል እንኳ አለ። ነገር ግን እነሱ በሚሊግራም ለክተው ነው፣ እኛ ደግሞ በሾርባ ማንኪያ ነው የምንዝቀው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም እንዲሁ መጠንቀቅ አለበት። ወጥ ውስጥ የምትገባዋ ቅመም አታስፈራም፤ በየቀኑ ለመድኃኒት ተብላ በማንኪያ የምትወሰደዋ ግን ሌላ ነገር ናት።

ስለ ላስቲኩ ቋጠሮም አንድ ቃል ልናገር። በውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም። በ2004 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በቦስተን አካባቢ ካሉ ሱቆች የተገዙ 70 የአዩርቬዳ መድኃኒቶች ሲመረመሩ፣ በ14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሰኒክ ተገኝቷል። እነዚያ በሱቅ የተሸጡ ነበሩ። ስምና አድራሻ የሌለው ቋጠሮማ ማንን ይጠየቅበታል?

እንግዲህ የማሳስባችሁ የሚከተለውን ነው።

አንደኛ፣ ከጠገቡ በኋላ ለሚመጣ መነፋት ዝንጅብል በሻይ፣ ነጭ አዝሙድ በፈላ ውኃ እናቶቻችን የሚያውቁት ነው፤ ለዚህ ቋጠሮ መግዛት አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ ምግብ አልበላ ብሎት ክብደቱ የቀነሰ፣ ሁለት ሳምንት ያሳለው፣ ሌሊት የሚያልበው፣ ምግብ ሲውጥ የሚተናነቀው፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ደም የሚያስመልሰው ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰው የዱቄት ሕመምተኛ አይደለም። ነገ ዛሬ ሳይል ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ሦስተኛ፣ ጨጓራው የቆሰለ፣ ደም ብዛት ያለበት፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ይህን ዱቄት አይቅመሱ። በርበሬው ቁስል ያቃጥላል፣ ጨዉ ለደም ብዛት አይሆንም፣ ሂንጉም ለሕፃን አደገኛ ነው።

አራተኛ፣ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የምትወስዱትን የባህል መድኃኒት ሁሉ ሳታፍሩ ተናገሩ።

አባቶቻችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። እትዬ የሸሸገችው እኛን ሠፈርተኞቿን ፈርታ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የሁላችንም ነው። ከእንግዲህ አንድ ሰው ሳል ያዘኝ ሲል ፊት አንንሣው። ሕክምናውን በደንብ የጀመረ ሰው ብዙ ሳይቆይ ለሌላው እንደማያስተላልፍ ነርሷ ነግራናለች። የሚያጅበው ያጣ፣ ወይም ብቻውን መሄድ የፈራ አባል ካለ ለእኔ ይንገረኝ። ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ከጽሕፈት ቤቱ በር ላይ አለሁ። መዝገቡን ዘግቼ አብሬው እሄዳለሁ፣ ወረፋም አብሬው እይዛለሁ። በእትዬ ላይ ያጠፋሁትን የምክሰው በዚህ ነው።

 

የማኅበሩ ጸሐፊ