ጭስ የሌለው እሳት፦ በብርድ ወራት ለጋራዥና ለወርክሾፕ የሚበጅ ማሞቂያ ስለ መምረጥ



ዛሬ የመረጥሁት ርእስ ለሕዝብ ንግግር ያነሰ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ስለ ማሞቂያ ነው። ሆኖም ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት በአዲስ አበባ ወይም በደብረ ብርሃን ማለዳ ጋራዥ የከፈተ ሰው ጉዳዩ ትንሽ እንዳልሆነ ያውቃል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በእነዚህ ወራት ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። የሲሚንቶው ወለል ቅዝቃዜ በጫማ ውስጥ ዘልቆ ይሰማል። የደነዘዘ ጣት መፍቻ በደንብ አይጨብጥም፤ ከመጋዝም ፈጥኖ አይሸሽም። ስለዚህ በወርክሾፕ ውስጥ ሙቀት መፈለግ ቅንጦት ሳይሆን ራሱ የደኅንነት ጉዳይ ነው።

ማሞቂያ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ዋጋውንና የሙቀቱን ብርታት ነው። እኔ ከእነዚህ የሚቀድሙ ሁለት ጥያቄዎች አሉ እላለሁ። አንደኛው፦ ይህ እሳት የሚተነፍሰው የማንን አየር ነው? ትንፋሹንስ የሚጥለው ወዴት ነው? ሁለተኛው፦ በዚህ ክፍል አየር ውስጥ የሚቀጣጠል ነገር አለ ወይ?

ከመጀመሪያው ልነሣ። በብዙ ወርክሾፖቻችን የምናየው ማሞቂያ የከሰል ማንደጃ ነው። ከሰሉ በደጅ ይቀጣጠላል፤ ጭሱ እስኪወጣለት ይራገባል፤ ፍሙ ሲቀላ ንጹሕ ሆነ ተብሎ ወደ ውስጥ ይገባል። ይህ ልማድ ከጥንቃቄ የመነጨ ነው፤ ዓይን ከሚያቃጥለው ጭስ በእርግጥ ያድናል። ነገር ግን የሚገድለው የሚታየው ጭስ አይደለም። በቀላው ፍም ውስጥ አየር በበቂ መጠን በማይደርስበት ቦታ ካርቦኑ ሙሉ በሙሉ አይቃጠልም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ጉሮሮ አይከረክርም። ማንደጃው ንጹሕ መስሎ የሚታይበት ሰዓት አደገኛ የሆነበት ሰዓት ነው።

አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። ርዝመቱ 6፣ ስፋቱ 4፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ ወርክሾፕ ይዘቱ 72 ሜትር ኩብ ነው። በውስጡ ግማሽ ኪሎ ከሰል ነደደ እንበል። በከሰሉ ውስጥ 400 ግራም ያህል ካርቦን ቢኖርና ከዚህ አንድ አሥረኛው ብቻ በጎደሎ ቢቃጠል፣ 93 ግራም ያህል ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። አየሩ ባይለወጥ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ውስጥ ወደ 1,300 ሚሊ ግራም ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰዓት ቆይታ ያስቀመጠው የመመሪያ ልክ 35 ሚሊ ግራም ነው። እርግጥ ነው፣ እውነተኛ ቤት ቀዳዳ ስላለው መጠኑ ከዚህ ይቀንሳል። ነገር ግን ብርድ የበረታበት ሌሊት ቀዳዳው ሁሉ በጨርቅና በካርቶን የሚደፈንበት ሌሊት መሆኑን አትርሱ።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ጉልበት ነው። አንድ ጊዜ ከያዘው በቀላሉ አይለቅም። በእኛ ደጋማ ከተሞች ጉዳቱ ይብሳል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ የምንስበው የኦክስጅን ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነውና። ምልክቶቹም አታላዮች ናቸው። ራስ ምታቱ የጉንፋን፣ ማቅለሽለሹ የባዶ ሆድ፣ ድካሙ የሥራ ብዛት ይመስላል። ከሁሉ የከፋው ጋዙ በመጀመሪያ ከሚያደክማቸው ነገሮች አንዱ የማመዛዘን ችሎታችን መሆኑ ነው፤ መውጣት የሚገባው ሰው መውጣት እንዳለበት አያስተውልም። ስኮትላንዳዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ጆን ስኮት ሃልዴን በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ጋዙን ራሱ እየተነፈሰ ካጠና በኋላ፣ የማዕድን ሠራተኞች ከሰው ቀድመው የሚታመሙ ትንንሽ እንስሳትን ይዘው እንዲገቡ የመከረው የሰው ስሜት ለዚህ ጋዝ አስተማማኝ ጠባቂ ስላልሆነ ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በታኅሣሥ 2006 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የዋሽንግተን ግዛት ኃይለኛ ማዕበል መብራት ባቋረጠ ጊዜ፣ በሲያትል አካባቢ በርካታ ቤተሰቦች ከሰል ወደ ቤት አስገብተው ተመርዘዋል፤ የሞቱም አሉ። ከተጎዱት መካከል ስደተኞች ብዙ ነበሩ። በተወለዱበት አገር፣ አየር በሚያስገባ ቤት ውስጥ ለዘመናት ያገለገለ ልማድ፣ አየር በማያሳልፍ ቤት ውስጥ ገዳይ ሆነ። እኛም ዛሬ የጭቃውንና የቆርቆሮውን ቤት በብሎኬትና በመስተዋት እየተካን ነው። ቤቱ ሲለወጥ ልማዱም መለወጥ ይኖርበታል።

ያለ ጭስ ማውጫ የሚሠራ የቡታጋዝ ወይም የላምባ ማሞቂያም የሚተነፍሰው የእኛኑ አየር ነው። ደኅና ሲነድ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከከሰል እጅግ ያነሰ ቢሆንም፣ አየሩ ሲያጥረው ወይም ማቃጠያው ሲቆሽሽ መጠኑ ይጨምራል። በዚያ ላይ አንድ ኪሎ ግራም ቡታጋዝ ሲነድ ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ውሃ በእንፋሎት መልክ ያወጣል። እንፋሎቱ በቀዘቀዘው ብረት ላይ ጤዛ ይሆንና መሣሪያ ያዝጋል፤ ጣውላም ያሳብጣል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልሻገር። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ላይ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ይሰጣል። የደብረ ብርሃን ውርጭ አያስቆመውም ማለት ነው። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉን ይዞ ይሄዳል፤ መኪና በሚፈተሽበት ጉድጓድ ውስጥም ይተኛል። የአሜሪካ የግንባታ ደንቦች በጋራዥ ውስጥ እሳት ሊያስነሣ የሚችል ነገር ከወለሉ 18 ኢንች፣ ማለትም 46 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ እንዲል የሚጠይቁት በዚህ ምክንያት ነው። የእኛ ማንደጃ ግን የሚቀመጠው ወለሉ ላይ ነው። ቲነርና ቫርኒሽም እንዲሁ ትነት ይሰጣሉ፤ የእንጨት ቤት ከሆነ ደግሞ ሰጋቱራው አለ።

እዚህ ላይ ኤሌክትሪክ ሁሉን ይፈታል የሚል ሐሳብ ይነሣል። ኤሌክትሪክ የመጀመሪያውን ጥያቄ በእርግጥ ይመልሳል፤ አየራችንን አያቃጥልም። ሁለተኛውን ግን በሙሉ አይመልስም። ብረት ቀልቶ መታየት የሚጀምረው 525 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲሆን፣ በቤተ ሙከራ የቤንዚን ትነት ያለ ብልጭታ ሊቀጣጠል የሚችልበት ሙቀት ከ300 ዲግሪ በታች ነው። ስለዚህ ሽቦው ቀልቶ የሚታይ ምድጃ ቤንዚን በሚከፈትበት ክፍል ቦታ የለውም። ሽቦው የማይታየውና በዘይት የተሞላው ራዲያተር ይሻላል፤ ነገር ግን የሙቀት መቆጣጠሪያው ሲከፈትና ሲዘጋ ብልጭታ ሊያወጣ ስለሚችል፣ ነዳጅ ሲቀዳ ወይም ቀለም ሲረጭ ከሥራው በፊት ኃይሉ መቋረጥ አለበት። ገመዱም ሌላ ጣጣ ነው። 2,000 ዋት ማሞቂያ በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ይስባል። ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ገመዱ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ለሬዲዮ የተገዛ ቀጭን ኤክስቴንሽን፣ ያውም ተጠቅልሎ በሰጋቱራ ሥር ተቀብሮ፣ ራሱ ማሞቂያ ይሆናል። ስለዚህ ማሞቂያው ቀጥታ ከግድግዳ ሶኬት፣ የመሬት ሽቦና ተስማሚ ብሬከር ካለው መስመር ላይ ይሰካ።

ታዲያ ምን እንምረጥ? መልሱ በክፍሉ ውስጥ በሚሠራው ሥራ ይወሰናል። ነዳጅና ቲነር በማይከፈትበት ወርክሾፕ፣ ከፍ ብሎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለና ወደ ሠራተኛው ያነጣጠረ የጨረር ማሞቂያ ጥሩ ነው። የጠቀስሁት ክፍል አየር በአዲስ አበባ 66 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ 10 ዲግሪ ለማሞቅ 2,000 ዋት ማሞቂያ ከስድስት ደቂቃ በላይ አይፈጅበትም። ነገር ግን በሩ አንድ ጊዜ ሲከፈት ያ ሙቀት ይሄዳል፤ ቆርቆሮውና ወለሉም ይመጡታል። ስለዚህ ከአየሩ ይልቅ ሰውየውን ማሞቅ ያዋጣል። መኪና በሚጠገንበት ጋራዥ ግን በዘይት የተሞላው ራዲያተር፣ ከጉድጓዱ ርቆና ከወለሉ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። መብራት በሌለበት ደግሞ እግር ሥር ጣውላ ማንጠፍ፣ ንፋስ በሚገባበት በኩል ሸራ መጋረድ፣ ወፍራም ልብስ መደረብ፣ ከሰሉን በደጅ ትቶ በየእረፍቱ እየወጡ መሞቅ ይቻላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚለይ የማስጠንቀቂያ መሣሪያ ቢገኝ መልካም ነው፤ የጭስ ማስጠንቀቂያ ግን ይህን ጋዝ አይለይምና አትተኩት።

ከሁሉ በላይ የማስበው ስለ ሌሊቱ ሰው ነው። ጋራዡ ሲዘጋ ዘበኛው ወይም ከገጠር የመጣው ወጣት ረዳት እዚያው ይተኛል፤ ከቀኑ የተረፈውን ፍም አጠገቡ ያደርጋል። ማሞቂያ የመምረጥ ሥልጣን የለውም፤ የምርጫው ዋጋ ግን የሚከፈለው በእርሱ ነው። ለእርሱ ተጨማሪ ብርድ ልብስና ጋቢ፣ ከተቻለም ራዲያተር ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ይሁን። ፍም በተዘጋ ቤት አይደር። ራሱን ያመመው ሰው ከተገኘ አስቀድሞ ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፤ ከዚያም ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። በተራ አየር በደሙ ካለው ጋዝ ግማሹ እስኪወጣ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ በሐኪም ቤት ኦክስጅን ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል። ሎሚ ማሽተት ይህን ሥራ አይሠራም።

ተማሪዎቼ፤ ነገ የወርክሾፕ ንድፍ ስትሠሩ ስለ ማሽኑ አቀማመጥና ስለ መብራቱ ትጨነቃላችሁ። በዚያው ወረቀት ላይ ማሞቂያው የት እንደሚቀመጥ፣ አየሩ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ ሌሊት ማን እዚያ እንደሚያድር ጻፉ። ይህ ሳይጻፍ የቀረ ንድፍ አልተጠናቀቀም።