«እሺ» ከማለት በፊት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሮች ስም የተነበበ ንግግር)



ርእሳችን በንግድ ሥራ አጥርቶ መነጋገርን መማር ነው። ርእሱን ስንመርጥ አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህማ የነጋዴ ጉዳይ ነው፤ ተማሪ ስለ ዕውቀትና ስለ አገር ፍቅር ቢናገር አይሻልምን?» ብለውን ነበር። ዳሩ ግን በሸቤ ቡና የማይለቅም፥ የማያሰጣ ወይም የማይሸጥ ቤት ጥቂት ነው፤ ደብተራችንም የሚገዛው በቡና ገንዘብ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የኛም ነው።

አስቀድመን ጥፋታችንን እንናዘዝ። ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር በሰፈራችን ያሉ 5 ቤተ ሰቦች ቡናቸውን በአንድነት ለመሸጥ ተስማሙ። በጅማ የሚኖሩ አንድ ነጋዴ በስልክ ቢጠየቁ «ያላችሁን በጽሑፍ አድርጋችሁ ላኩልኝ» አሉ። ወላጆቻችንም «ልጆቻችን ተምረዋል» ብለው ደብዳቤውን ለኛ ተዉልን። እኛም ደስ ብሎን ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍን። ሰላምታው ብቻ ግማሽ ገጽ ፈጀ። የነጋዴውን ጤንነት፥ የቤተ ሰባቸውን ደኅንነት፥ የዝናሙን ሁኔታ፥ ቡና ለአገራችን የሰጠውን ክብር ኹሉ ዘረዘርን፤ ስለ ሽያጩ ግን የጻፍነው «60 ጆንያ ቡና አለን» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነበር። ደብዳቤውን ደግመን አንብበን በራሳችን ተደነቅንና በሚኒባስ ሹፌር እጅ ላክነው።

ነጋዴው የሚያውቁት ጆንያ ቡና ወደ ውጭ አገር የሚላክበትን ነው፤ እሱም 60 ኪሎ የተፈለፈለ ቡና ይይዛል። ስለዚህ 36 ኩንታል የተጣራ ቡና አለ ብለው የጭነት መኪና ተከራይተው መጡ። በሰፈራችን የነበረው ግን በማዳበሪያ ከረጢት የተሞላ፥ ከነገለባው የደረቀ ጀንፈል ነበር። በእያንዳንዱ ከረጢት ውስጥ ያለውም 2 ፈረሱላ ያህል ነበር። አንዱ ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለ ሆነ ድምሩ 2,040 ኪሎ ይመጣል፤ ጀንፈልም ሲፈለፈል ግማሽ ያህሉ ገለባ ሆኖ ስለሚቀር ከ10 ኩንታል ብዙም አያልፍም። ነጋዴው «አታለላችሁኝ» አሉ። አባቶቻችንም «እኛ መቼ ዋሸን?» ብለው ተቈጡ። ሁለቱም ወገኖች እውነታቸውን ነበር። መኪናው ባዶውን ተመለሰ፤ ቡናው ከሁለት ሳምንት በኋላ በርካሽ ተሸጠ፤ ከ5ቱ ቤተ ሰቦች የአንዱ ልጅ የሆነች እኅታችንም ደብተርና ጫማ እስኪገዛላት ድረስ አንድ ወር ከትምህርት ቀረች። ወንበሯ ባዶ ሆኖ ስናየው ያ የተደነቅንበት ሰላምታ ትዝ ይለን ነበር።

በደብዳቤው ውስጥ የሰዋስው ስሕተት አልነበረም። የጐደለው ነገር፥ «ጆንያ» ስንል ያ ሰው ምን ብሎ ይሰማዋል ብለን አለመጠየቃችን ነው።

ከዚያ ወዲህ በገበያ ቀን ቆመን የሰውን ንግግር ማዳመጥ ጀመርን። ከኹሉ ይልቅ ያስገረመን «እሺ» የምትባለው ትንሽ ቃል ናት። አንዳንድ ጊዜ «ተስማምቻለሁ» ማለት ናት፤ አንዳንድ ጊዜ «ሰምቻለሁ» ብቻ ናት፤ አንዳንድ ጊዜም «በሰው ፊት እንዳላሳፍርህ ብዬ ነው እንጂ አልገባኝም» ማለት ናት። የኦሮምኛው «ቶሌ»ም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በሸቤ ደግሞ ኦሮምኛና አማርኛ፥ ከጎጀብ ወንዝ ማዶ ከሚመጡት ወንድሞቻችንም የካፋ ቋንቋ አንድ ላይ ይሰማሉ። አንዱ በሁለተኛ ቋንቋው ይናገራል፥ ሌላው በሦስተኛ ቋንቋው «እሺ» ይላል፤ ጠቡ የሚነሣው ሚዛን ላይ ሲደረስ ነው። (ይህ ንግግራችን ራሱ በአማርኛ ስለ ሆነ፥ ያልገባቸው እናቶችና አባቶች ቢኖሩ ሲያበቃ በኦሮምኛ ደግመን እንነግራቸዋለን።)

ይህ ችግር ከኛ ጋር የተወለደ አይደለም። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን በጅማ የሂርማታ ገበያ ከሩቅ አገር የመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ቋንቋቸውና መስፈሪያቸው ሳይመሳሰል ይገናኙ ነበር። የገበያውንም ሥርዓት የሚጠብቅ ነጋድራስ የሚባል ሹም ነበረ። በኛ ዕድሜ ደግሞ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ አለ። ይህ ገበያ በ2000 ዓ.ም. በዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን መሪነት በአዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር፥ ገዢና ሻጭ በአንድ አዳራሽ ቆመው ዋጋቸውን እየጮኹ ይናገሩ፥ ሲስማሙም መዳፍ ለመዳፍ ይማቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የኤሌክትሮኒክ ግብይት መተካት ጀመረ። የዚያን አዳራሽ ሥዕል በቴሌቪዥን ያየ ሰው የልጆች ጨዋታ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ቡናው አስቀድሞ በመጋዘን ተመዝኖ ደረጃ ወጥቶለት፥ ዋጋውም በፈረሱላ ይጠራ ስለ ነበር፥ የሚጮኹት ሁለቱ ሰዎች ስለ አንድ ነገር እንደሚነጋገሩ ያውቁ ነበር። እኛ በጸጥታና በትሕትና ጻፍን፤ ግን አልተግባባንም።

እዚህ ላይ ወላጆቻችን እንዲታገሡን እንለምናለን። እኛ ስናድግ የተማርነው ታላቅ ሰው ሲናገር አንገትን ደፍቶ መስማትን ነው። «ምን አሉ? ይድገሙልኝ» ማለት ንቀት ይመስላል፤ ስለዚህ ሳይገባን «እሺ» ብለን እንሄዳለን። ይህ ጨዋነት በቤት ውስጥ መልካም ነው፤ በሥራ ቦታ ግን ያላኩትን ያመጣል። ከመካከላችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት የጀመርነው አንድ ልማድ እናስታውሳለን፤ አንድ መምህራችን ሲልኩን የላኩንን ቃል በፊታቸው ሳንደግም ከበር አያሳልፉንም ነበር። ያን ጊዜ እንደ በቀቀን ያደረጉን መስሎን እናጕረመርም ነበር። አሁን ግን «አባባ፥ በደንብ ገብቶኝ እንደ ሆነ ልድገመውና ያርሙኝ» ማለት ክብርን ሳይነካ ገንዘብን የሚያድን ሆኖ አግኝተነዋል። ልጆቻችሁ እንዲህ ብለው ቢጠይቋችሁ ድፍረት አይምሰላችሁ።

ከውጭ አገር ሰው ጋር ሲሆን ነገሩ ይብሳል። የኛ የጧት 3 ሰዓት ለነሱ 9 ሰዓት ነው፤ የኛም ዓመት ከነሱ በ7 ወይም በ8 ይለያል፤ መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ስንል እነሱ የ2024 ሴፕቴምበር 11 ነው ይላሉ። ሰዓቱንና ዓመተ ምሕረቱን በማን አቈጣጠር እንደ ሆነ ያልጻፈ ሰው ቀጠሮ ይዣለሁ ባይል ይሻለዋል።

ዘንድሮ ወላጆቻችን፥ ይቅርታቸው የበዛ ነውና፥ እንደ ገና ጻፉ አሉን። ለዚያው ነጋዴ ይቅርታ ከጠየቅን በኋላ የጻፍነው ይህን ብቻ ነው፤ «ጤና ይስጥልን። በሸቤ ከ5 ቤተ ሰብ የተሰበሰበ፥ በአልጋ ላይ የደረቀ፥ ያልተፈለፈለ ጀንፈል 110 ፈረሱላ አለን፤ ፈረሱላው 17 ኪሎ ነው። አንድ ኪሎ ናሙና ከዚህ ጋር ልከናል። የሚገዙ ቢሆን በፈረሱላ ስንት እንደሚከፍሉ፥ መኪናውንና ሸካሚውን ማን እንደሚችል ይጻፉልን። ኅዳር 20 ቀን በኢትዮጵያ አቈጣጠር ከጧቱ በ3 ሰዓት ቡናው በሚዛን አጠገብ ይጠብቅዎታል። የተረዱትን መልሰው ቢነግሩን ደስ ይለናል።» ደብዳቤው ሩብ ገጽ አልሞላም፤ መኵራራትም አልቻልንበትም።

ነጋዴው ደውለው መስመር በመስመር መልሰው አነበቡልን፤ አንድ ነገርም አረሙ፤ ሸካሚውን እኛ እንድንችል ጠየቁ። በቀጠሮው ቀን መጡ፤ ተመዘነ፤ 108 ፈረሱላ ሆነ፤ ሁለቱን ፈረሱላ ያጐደለችው የኛ ሚዛን ናት ወይስ የሳቸው ተብሎ ጥቂት ክርክር ነበረ፤ በ108 ተስማሙ። በመጨረሻም ነጋዴው የቀረውን ገንዘብ እስከ ዓርብ እንዲያስገቡ ሲጠየቁ «እሺ» አሉ። ከአባቶቻችን አንዱ፥ ፊደል ያልቈጠሩት፥ ፈገግ ብለው «ጌታው፥ እሺ ያሉትን እስቲ አንድ ጊዜ ይድገሙልን» ቢሏቸው በሚዛኑ ዙሪያ የነበረው ሰው ኹሉ ሳቀ። ነጋዴውም ስቀው ደገሙ፤ እኛም ጻፍነው፤ ገንዘቡ ሐሙስ ገባ።

አሁን ደግሞ ቃል በገባነው መሠረት ይህንኑ በኦሮምኛ እንጀምራለን።