የእናቴ ወገብና የኒውተን ሕግ



ያደግሁት ቆሼ አጠገብ ነው። እናቴ ያስተማረችኝ እዚያው ፕላስቲክና ቁርጥራጭ ብረት እየለቀመች ነው። ማታ ማታ «ኧረ ወገቤን!» ስትል ድካም ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ የገባኝ እዚህ ፊዚክስ ስማር ነው። 20 ኪሎ ማዳበሪያ ክብደቱ ወደ 200 ኒውተን ነው። ጎንበስ ብላ ስታነሳው ከወገቧ ግማሽ ሜትር ራቀ እንበል። የጀርባ ጡንቻ ግን ከአከርካሪው የሚርቀው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ሸክሙን ለመመከት ብቻ 2,000 ኒውተን መሳብ አለበት፤ ዐሥር እጥፍ! የራሷ ክብደት ገና አልተቆጠረም። ሸክሙን ወደ ሰውነቷ ብታስጠጋውና ርቀቱ በግማሽ ቢቀንስ፣ ይህም ኃይል በግማሽ ይቀንሳል።

ሰው ሲረግጥ መሬቱ መልሶ የሚገፋበትን ኃይል የምንለካው ደልዳላ ወለል ላይ ነው። ቆሼ ግን ደልዳላ አይደለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ100 በላይ ሰው አጥተናል።

መምህሮቼ፣ አደራ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፦ ተማሪዎቻችሁ የመመረቂያ ሥራቸውን ይዘው እዚያ ይምጡ። ሸክሙን እዚያው ይለኩት፤ ከጀርባ ሳይርቅ የሚያዝበት ማንገቻም ይሥሩልን። እናቶቻችንን እኔ አስተዋውቃቸዋለሁ።