ኮዱ ጥያቄ እንጂ ፍርድ አይደለም፦ በከፍታ አገር የስስ ድብልቅ ምርመራ



የዛሬው ንግግሬ ፒ0171 በተባለ አንድ የብልሽት ኮድ ላይ ያተኩራል። ይህ ኮድ የሚነግረን የሞተሩ ድብልቅ ስስ መሆኑን፣ ማለትም ለገባው አየር የሚመጥን ነዳጅ አለመኖሩን ነው። ጉዳዩ ጥቃቅን ቢመስልም እንደዚያ አይደለም። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ፣ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት የአዲስ አበባ ጎረቤቶች፣ ከመዲናዋ ጋር ማለዳና ማታ በመኪና የተሳሰሩ ናቸው። ከእነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ ያገለገሉ የቤንዚን መኪኖች ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያሉትን አክሞ ማቆየት የብዙ ቤተሰብ የኑሮ ጉዳይ ሆኗል።

አንድ ጊዜ ያየሁትን ልንገራችሁ። በመኪናው ሰው እያመላለሰ የሚተዳደር የቡራዩ ሰው ይህ ኮድ ወጣበት። ኦክስጅን ሴንሰሩ ተለወጠለት፤ መብራቱ ጠፋ፤ በሳምንቱ ተመልሶ በራ። ሴንሰሩ ሁለተኛ ተለወጠ። በመጨረሻ የተገኘው ጥፋት ከአየር ማስገቢያው ጀርባ የተሰነጠቀ አንዲት የጎማ ቱቦ ነበረች። ሁለት ሴንሰር የተከፈለበት በሽታ በአንድ ክንድ ቱቦ ዳነ። ሴንሰሩ መልእክተኛ ነበር፤ የተቀጣውም እውነት በመናገሩ ነው።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን እንመልከት። ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል ለ1 ኪሎ ነዳጅ 14.7 ኪሎ ገደማ አየር ያስፈልጋል። ኦክስጅን ሴንሰሩ ነዳጅን አይለካም፤ ከቃጠሎ በኋላ በጭስ ውስጥ የተረፈውን ኦክስጅን ብቻ ይለካል። ኦክስጅን ሲተርፍ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይጨምራል፤ የጨመረውንም በመቶኛ ይመዘግባል። ይህ የነዳጅ ማስተካከያ የአጭር ጊዜና የረዥም ጊዜ ተብሎ ይከፈላል። ጤናማ ሞተር ከዜሮ ብዙም አይርቅም፤ እስከ 10 በመቶ ድረስም ይታገሡታል። እንደ አምራቹ ቢለያይም፣ ጭማሪው 25 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ‹‹ከዚህ በላይ አልችልም›› ይላል። ኮዱ ያ ጩኸት ነው። የጩኸቱን ምንጭ ግን አይናገርም።

እዚህ ላይ በአካባቢያችን ሥር የሰደደ አንድ ስሕተት አለ፤ ‹‹አገሩ ከፍታ ስለሆነ ነው›› የሚለው። በ2,400 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። አየሩ ሲሳሳ ግን ድብልቁ ስስ አይሆንም፤ እንዲያውም ማስተካከያ የሌለው የድሮ ካርቡሬተር በከፍታ ላይ ነዳጅ ያበዛል። ዘመናዊው ሞተር ደግሞ የገባውን አየር ለክቶ ነዳጁን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ከፍታ ለዚህ ኮድ ሰበብ ሊሆን አይችልም።

ከፍታው የሚያሳስተው መርማሪውን ነው። በባሕር ጠለል የተጻፈ መጽሐፍ ሞተሩ ሳይነሣ የግፊት መለኪያው 100 ኪሎፓስካል ገደማ እንዲያሳይ ይጠብቃል፤ እዚህ ግን 76 ገደማ ማሳየቱ ጤናማነቱን ያረጋግጣል። እንደዚሁ ሞተሩ በሙሉ ኃይል ሲሠራ የሚስበው አየር ከመጽሐፉ በሩብ ያህል ያንሳል። ይህን ያላገናዘበ ሰው ደህናውን የአየር መለኪያ አበላሽቶ ይጥላል።

ታዲያ ጥፋቱን እንዴት እንለይ? ማስተካከያው የሚጨምረው መቼ እንደሆነ በመጠየቅ ነው። ሦስቱን ከተሞች እንደ ሦስት መፈተኛ እንውሰዳቸው።

ከአየር ጤና በዓለም ገና ወደ ሰበታ በሚወስደው መንገድ፣ በሰልፍ ቆመን ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ጭማሪው ከፍ ብሎ፣ ዙሩ ወደ 2,500 ሲወጣ ቢቀንስ፣ ከመለኪያው ኋላ ያልተለካ አየር እየሾለከ ይገባል ማለት ነው። ቀዳዳው በሚኒሞ ከጠቅላላው አየር ትልቅ ድርሻ አለው፤ ሞተሩ ብዙ አየር ሲስብ ድርሻው ያንሳል። አየርን በግፊት መለኪያ በሚገምቱ መኪኖች ግን ይኸው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ የሚገለጠው በሚኒሞ መጨመር ነው።

ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ በሚያወጣው ዳገት፣ ጭነት ሲበዛ ጭማሪው አብሮ ከወጣ ጥርጣሬው ወደ ነዳጁ ይዞራል፤ የደከመ ፖምፓ፣ የተደፈነ ፊልትሮ ወይም ኢንጄክተር ሊሆን ይችላል። ይህንን የሚፈርደው የነዳጅ ግፊት ልኬት ነው።

በበጋ አቧራ በሚጤስባቸው የቡራዩ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ደግሞ የአየር ፊልትሮው በሚገባ ካልተገጠመ አቧራው የአየር መለኪያውን ሽቦ ይሸፍነዋል። የቆሸሸ መለኪያ የገባውን አየር አሳንሶ ይናገራል፤ ኮምፒውተሩም ነዳጅ ይቆጥባል። ምልክቱ ከፖምፓው ጋር ስለሚመሳሰል፣ የነዳጅ ግፊቱ ደህና ሆኖ ሲገኝ ወደዚህ እንመጣለን።

የሐሰት ምስክርም አለ። ከሴንሰሩ በፊት የተቀደደ የጭስ ቱቦ የውጭ አየር ያስገባል፤ በካንዴላ ችግር ያልተቃጠለ ድብልቅም ኦክስጅኑን ይዞ ያልፋል። በሁለቱም ሴንሰሩ ‹‹ስስ›› ይላል፤ የነዳጁ መጠን ግን አልጎደለም።

ስለ ነዳጁ ራሱም አንድ ነገር ልጨምር። በ2001 ዓ.ም. ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኤታኖል 5 በመቶ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀምሮ፣ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 በመቶ አድጎ ነበር። ኤታኖል በውስጡ ኦክስጅን ስላለው፣ 10 በመቶ ሲቀላቀል ሞተሩ 4 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ነዳጅ ይሻል። ይህ ብቻውን ኮድ አያወጣም፤ ነገር ግን በሌላ ጥፋት አፋፍ ላይ የቆመን ሞተር ሊገፋው ይችላል።

ውድ ተማሪዎች፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ኮዱን ሳይመዘግቡ ማጥፋት ይህንኑ ማድረግ ነው፤ ከኮዱ ጋር ኮምፒውተሩ ያስቀመጠው የዙር፣ የጭነትና የሙቀት መረጃ አብሮ ይጠፋልና። ስለዚህ አስቀድማችሁ ጻፉ፤ በሚኒሞ፣ በ2,500 ዙርና በዳገት ለኩ፤ ዕቃ መለወጥ የመጨረሻው ይሁን። ከእናንተ ፊት የሚቆመው ባለመኪና ለስሕተታችሁ የሚከፍለው ከልጆቹ ጉሮሮ ቀንሶ መሆኑን አትርሱ።